የሕገ መንግሥትና የአስተዳደር ሕግ መምህር ማነው? ሥራውስ ምንድን ነው?

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የጠየቀን ጥያቄ ነው። ለማስተማር ልምምድ የሶሮ ወረዳ ከተማ ወደሆነችው ወደ ጊምቢቹ በተላክን ጊዜ፣ ከመካከላችን አንዱ የዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ደርሶት ነበር። ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሰኞ ክፍሉ እንደ ገበያ ተንጫጭቶበት ሦስት ልጆችን ከክፍል አስወጥቶ ስለነበር፣ ማክሰኞ ጸጥታው ደህና ነበር። ባልደረባችን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ‹‹ሕገ መንግሥት የአገሪቱ የበላይ ሕግ ነው›› ብሎ ጻፈ፤ ተማሪዎቹም ገለበጡ። ይኼኔ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

‹‹ቲቸር፣ ይህን ነገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምር ሰው አለ?››

‹‹አለ እንጂ።››

‹‹ደመወዙን የሚከፍለው ማነው?››

‹‹መንግሥት ነዋ!››

‹‹ታዲያ መንግሥት ሲሳሳት ‹ተሳስተሃል› ይለዋል?››

ክፍሉ ሳቀ። ባልደረባችንም ‹‹በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን›› አለ፤ ይህች አባባል የመምህር መሸሸጊያ መሆኗን መቼም የማያውቅ የለም። ማታ በተከራየናት ክፍል ተሰብስበን ስንነጋገር ግን፣ መልሱን ከእኛ አንድም ሰው በቅጡ እንደማያውቅ ተገነዘብን። ስለዚህ ከልምምዱ እንደተመለስን መጻሕፍት አገላበጥን፤ በሙያው ያሉ ሰዎችንም ጠየቅን። ያገኘነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረቱ፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በእኛው አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ፣ ለመሆኑ ሁለቱ ሕጎች ምን ምን ናቸው? የሕገ መንግሥት ሕግ የሚያጠናው ሥልጣን ከየት እንደሚመነጭ፣ ለማን ለማን እንደተከፋፈለና የት ላይ እንደሚያበቃ ነው። የአስተዳደር ሕግ ደግሞ ያ ሥልጣን ወደ ታች ወርዶ፣ ከአንድ ጠረጴዛ ኋላ በተቀመጠ ሰው እጅ ሲገባ እንዴት ሊሠራበት እንደሚገባ ያጠናል። ፓርላማ ወደ ጊምቢቹ አይመጣም። ወደ ጊምቢቹ የሚመጣው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው። የንግድ ፈቃድ መሰጠትና መነጠቅ፣ የመሬት ይዞታ፣ የመምህር ዝውውር፣ የተማሪ መባረር፣ ይህ ሁሉ የአስተዳደር ሕግ ጉዳይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስተምር ከሆነ፣ ከቤተ መንግሥቱ አንሥቶ እስከ ወረዳው መዝገብ ቤት ድረስ ያለውን መንገድ ያስተምራል ማለት ነው።

በአገራችን ስለ ገዢ ሥልጣን ማስተማር የተጀመረው በዩኒቨርሲቲ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ፍትሐ ነገሥትን እየተረጎሙ የሚያስተምሩ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ነበሩ፤ የመጽሐፉ 44ኛ አንቀጽም የሚናገረው ስለ ነገሥታት ነው። የተጻፈ ሕገ መንግሥት የመጣው ግን በ1923 ዓ.ም. ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወስደው ያረቀቁት ሲሆን፣ 55 አንቀጾች ነበሩት። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ 131 አንቀጾች ያሉት ሆነ። ሕጉ ሁለት ጊዜ ሲጻፍ፣ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚያስተምር የሕግ ፋኩልቲ በአገሩ ገና አልነበረም።

ፋኩልቲው የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። የመጀመሪያው ዲን ጄምስ ፖል የተባሉ አሜሪካዊ ነበሩ። እኚህ ሰው ከእንግሊዛዊው ምሁር ክሪስቶፈር ክላፋም ጋር ሆነው የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥታዊ ታሪክ የሚያሳዩ ሰነዶችን ሰብስበው በሁለት ቅጽ አሳተሙ፤ የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ሁለተኛው በ1971 ወጣ። ማስተማሪያ መጽሐፍ በሌለበት አገር መምህር መሆን ምን እንደሆነ እኛ በቀላሉ ይገባናል። መጽሐፉን ራስህ ታዘጋጃለህ፤ ከዚያ ታስተምርበታለህ። የፋኩልቲው መጽሔት፣ የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት፣ መታተም የጀመረውም እ.ኤ.አ. ከ1964 አንሥቶ ነው።

እስቲ እንግዲህ የዚያን ዘመን ሌክቸረር አስቡት። የያዘው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ሥልጣናቸውም የማይጠየቅ ነው ይላል። ይኸው ሰነድ ወረድ ብሎ በ122ኛው አንቀጽ የበላዩ ሕግ ራሱ ሕገ መንግሥቱ መሆኑን ይናገራል። ታዲያ የማይጠየቀው ሰው ከበላዩ ሕግ በላይ ነው ወይስ በታች? የጊምቢቹው ልጅ ቢኖር ኖሮ ይህንኑ መጠየቁ አይቀርም ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ በመጀመሪያው አዋጁ ያንን ሕገ መንግሥት አገደ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ለእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። ከዚያ በኋላ እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ አገሪቱ ሕገ መንግሥት አልነበራትም። አሥራ ሁለት ዓመት! የሒሳብ መምህር ከቁጥር ውጪ፣ የጂኦግራፊ መምህር ከካርታ ውጪ ቢሠራ እንደማለት ነው። በ1979 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው 119 አንቀጽ ያለው ሕገ መንግሥት መጣ፤ እርሱም ዕድሜው አራት ዓመት ብቻ ሆነ። በ1983 የሽግግር ቻርተር ተተካ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ደግሞ 106 አንቀጾች ያሉት የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ በሥራ ላይ የዋለው ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ጀምሮ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። በ1963 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት ሆኖ ሕግ ያጠና የነበረ ሰው በ1987 ዓ.ም. ገና 44 ዓመቱ ነው። ይህ ሰው ሕገ መንግሥት አስተማሪ ሆኖ ቢሆን ኖሮ፣ የተማረውን ሳያስተምር፣ ያስተማረውን ሳይጨርስ፣ ጡረታው ገና ሩቅ ሳለ አንድ ሕገ መንግሥት ታግዶበት፣ አንዱ ፈርሶበት፣ አንድ ቻርተር አልፎበት፣ ሦስተኛውን ከአንቀጽ አንድ ይጀምር ነበር። በሕግ ፋኩልቲው ካስተማሩት መካከል ዶክተር ፋሲል ናሆም እንዲህ ያለውን ዘመን ያዩ ናቸው፤ ስለ አዲሱ ሕገ መንግሥት በእንግሊዝኛ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሟል፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩም የሕግ አማካሪ ሆነው ሠርተዋል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለቆየ፣ ያሁኑ ዘመን ሌክቸረር በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ምንም እንኳ ይሻሻል፣ አይሻሻል የሚለው ክርክር ከክፍሉ ባይጠፋም።

ወደዚህ ሙያ የሚገባው እንዴት ነው? ጥያቄው ወደ እኛ ተማሪዎች ስለሚመለስ ጠንቀቅ ብለን ጠይቀናል። የሕግ ትምህርት ለረጅም ጊዜ አዲስ አበባ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ከ1987 ወዲህ በሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በመቀሌ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በሐረማያ፣ በሐዋሳና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ተከፈተ። እዚሁ እኛ ዘንድ፣ የጥንት ስሟ ዋቸሞ በነበረው በሆሣዕና፣ ያንኑ ስም የያዘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለው። ስለዚህ ከጊምቢቹ የሚነሣ ልጅ ሕግ ለመማር እንደ ቀድሞው አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ ግዴታው አይደለም።

ትምህርቱ አምስት ዓመት ነው። ሕገ መንግሥት፣ የአስተዳደር ሕግ፣ ፌዴራሊዝም፣ ሰብአዊ መብት በየራሳቸው ኮርስ ሆነው ይሰጣሉ። ተማሪው በምስለ ችሎት ይከራከራል፤ ፍርድ ቤትና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ወጥቶ ይለማመዳል። የመውጫ ፈተና ዛሬ በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም ትምህርት ክፍል የመጣ ዱብ ዕዳ ይመስለናል እንጂ፣ የሕግ ተማሪዎች ከዓመታት በፊት ጀምረው ይፈተኑት ነበር። በውጤቱ ብልጫ ያሳየው በዩኒቨርሲቲው ሊቀር ይችላል። ከረዳት ምሩቅ ተነሥቶ፣ ረዳት ሌክቸረር፣ ሁለተኛ ዲግሪ ሲይዝ ሌክቸረር፣ ከዚያ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር እያለ ይቀጥላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕገ መንግሥትና በሕዝብ አስተዳደር ነክ ሕግ ለብቻው የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ይሰጣል። ከሌክቸረር በላይ ያለው መሰላል የሚወጣው በማስተማር ብቻ አይደለም፤ ምርምር ጽፎ ማሳተም የግድ ነው። ይህች ነገር ስንቱን ጎበዝ አስተማሪ በአንድ ማዕረግ ላይ አስቀርታዋለች፤ ይህ ግን የእኛ አስተያየት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ ነገር አስገርሞናል፤ ቋንቋ ነው። የሶሮ ልጅ በቤቱ ሀዲይሳ ተናግሮ ያድጋል፤ ፊደልም በሀዲይሳ ይቆጥራል። አማርኛን በትምህርት ቤትና በከተማው ይለምዳል። የሕግ ትምህርት ቤት ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የሕገ መንግሥቱ መጨረሻ፣ 106ኛው አንቀጽ፣ ደግሞ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ሌክቸረሩ በእንግሊዝኛ ያስተማረውን አንቀጽ በአማርኛ ካላመሳከረ ሊሳሳት ይችላል፤ ቤቱ ሲሄድ አባቱ ‹‹ምን እያስተማርክ ነው?›› ቢሉት ደግሞ በሀዲይሳ ማስረዳት አለበት። የሦስተኛው ፈተና ከሁሉ ይከብዳል ብሎናል አንድ ያነጋገርነው መምህር። ‹‹አባቴ ጋ ስደርስ ጥቅስ አይሠራም፤ ነገሩን ማወቅ አለብኝ›› ነው ያለን።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ፤ ‹‹ተሳስተሃል ይለዋል?››

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1803 ጀምሮ ሕገ መንግሥትን የሚጻረር ሕግ ዋጋ የለውም ብሎ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ጀርመኖች ለዚሁ የተለየ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1951 አቋቁመዋል። በእኛ አገር ግን ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን በ62ኛው አንቀጽ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ተሰጥቷል፤ ሙያዊ አስተያየት የሚያቀርብለት ደግሞ አሥራ አንድ አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ጉባኤውን የሚመሩት የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ከአባላቱ ስድስቱ የሕግ ባለሙያዎች እንዲሆኑ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይጠይቃል። የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ወኪሎች በሆነ ፖለቲካዊ ምክር ቤት ሕግ መተርጎሙ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው፣ በየሕግ ትምህርት ቤቱ ሳይሰለች የሚነሣ ክርክር ነው። ምክር ቤቱ ግን የሠራው ሥራ የለም ማለት አይደለም። በ1996 ዓ.ም. አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ጉዳይዋ ሳትስማማ በሸሪዓ ፍርድ ቤት በመታየቱ ያቀረበችውን አቤቱታ ተመልክቶ፣ በሃይማኖት ፍርድ ቤት ለመዳኘት የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ ወስኗል፤ ከዚያ በፊት ጉዳዩ እስከ ሰበር ደርሶ ተሸንፋ ነበር። ይህ ውሳኔ ዛሬ በብዙ ክፍሎች ይማሩበታል።

ሌክቸረሮቹ ከክፍላቸው ወጥተው በአገር ፊት የቀረቡት ግን በ2012 ዓ.ም. ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በነሐሴ ወር ሊደረግ የታሰበው ምርጫ እንደማይቻል ምርጫ ቦርድ አስታወቀ። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ደግሞ ሊያልቅ ነው። ሕገ መንግሥቱ ምርጫ በየአምስት ዓመቱ ይደረጋል ይላል፤ ወረርሽኝ ሲመጣና ዘመኑ ሲያልቅ ምን ይደረግ የሚለውን ግን በቀጥታ አልጻፈውም። ምክር ቤቱን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል፣ ሕገ መንግሥቱን መተርጎም የሚሉ አራት አማራጮች ቀርበው የመጨረሻው ተመረጠ። አጣሪ ጉባኤው በግንቦት ወር የሕገ መንግሥት ምሁራንን ጠርቶ በግልጽ ስብሰባ ሰማ፤ በቴሌቪዥንም ተላለፈ። አስታውሱ እንግዲህ፤ ሰዉ ሁሉ ከቤቱ አትውጣ የተባለበት ጊዜ ነበር። ስለ 54ኛው፣ ስለ 58ኛውና ስለ 93ኛው አንቀጽ በየሳሎኑ ሲወራ፣ እናቶች ቡና እያፈሉ ‹‹ይኼኛው ደህና አስረዳ›› ሲሉ የሰማነው ያኔ ነው። ምሁራኑ በአንድ ድምፅ አልተናገሩም። ትርጉም ያስፈልገዋል ያሉ ነበሩ፤ ከስብሰባው ውጪ ደግሞ ይህ የሥልጣን ማራዘሚያ ነው፣ መፍትሔው ፖለቲካዊ ድርድር ነው ብለው የጻፉ ነበሩ። ሁለቱም ወገን ደመወዝ ተከፋይ መምህራን ነበሩባቸው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሰኔ 3 ቀን ውሳኔውን አጸደቀ፤ ምርጫው የተካሄደው በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የትግራይ ክልል ውሳኔውን ሳይቀበል በጳጉሜን ወር ለብቻው ምርጫ አካሄደ፤ በዓመቱም መባቻ፣ በጥቅምት 2013፣ ጦርነት ተነሣ። የጦርነቱ ምክንያት አንድ የአንቀጽ ክርክር ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን በክፍል ውስጥ እንደ ቼዝ የሚታየው ክርክር ከክፍል ሲወጣ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለንም።

ሩቅም መሄድ አያስፈልግም። እኛ ራሳችን ከቤታችን ሳንነሣ ክልል ቀይረናል። ሲዳማ በኅዳር 2012 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ክልል ሆነ፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ የደቡብ ክልል ቀርቶ እኛ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነዋሪዎች ሆነን ተገኘን። በ47ኛው አንቀጽ የተጻፈው የራስን ክልል የመመሥረት መብት ለሐዋሳና ለሆሣዕና ሰው የመማሪያ መጽሐፍ ጉዳይ አይደለም፤ በጀትህ ከየት ይመጣል፣ ደመወዝህን የሚከፍለው ማነው የሚል ጉዳይ ነው።

አንዳንዶቹ ከማስተማር ወደ መንግሥት ሥራ ይሻገራሉ። ዶክተር ጌዴዎን ጢሞቴዎስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ዶክትሬታቸውን ከሴንትራል ዩሮፒያን ዩኒቨርሲቲ አግኝተው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕገ መንግሥት አስተምረዋል። በ2012 መጨረሻ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ በ2014 የፍትሕ ሚኒስትር፣ በ2017 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። እንዲህ ያለውን ጉዞ እንደ እድገት የሚያየው አለ፤ ‹‹የሚተች ሰው ወደሚተቸው ቤት ገባ›› የሚልም አለ። በእኛ በኩል፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው ሕግ በሚወጣበት ቤት ቢገኝ አንጠላም።

በተቃራኒው ደግሞ፣ ‹‹ተሳስተሃል›› ማለት ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል የዩኒቨርሲቲው ታሪክ ይመሰክራል። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከአርባ በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተሰናብተዋል። በኋላ የወጡት የከፍተኛ ትምህርት አዋጆች፣ የ2011ዱን ቁጥር 1152 ጨምሮ፣ የአካዳሚ ነጻነትን በግልጽ ጽፈዋል። የተጻፈው ሁሉ ይሠራበታል ማለት አይደለም፤ ያልተጻፈውን ግን ጠቅሶ መከራከር እንኳ አይቻልም።

ስለ አስተዳደር ሕግ ሰፋ አድርገን የምንጽፈው ለመምህር ቅርብ ስለሆነ ነው። ፈረንሳዮች ከናፖሊዮን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1799 ጀምሮ አስተዳደርን የሚዳኝ የመንግሥት ምክር ቤት አላቸው። በእኛ ዘንድ ይህ ሕግ ለረጅም ጊዜ የተበታተነ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ ከ3131ኛው ቁጥር ጀምሮ ስለ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ውሎች ይናገራል፤ የቀረው በየአዋጁ የተበተነ ነው። አንድ ወጥ የሆነ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩ 1183። በዝግጅቱ የሕግ መምህራን ተካፍለውበታል። በአዋጁ መሠረት አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን አስታውቆ የሕዝብ አስተያየት መቀበል፣ ከዚያም ማስመዝገብና ማሳተም አለበት። በሰው ላይ ሲወስን ደግሞ ሰውየውን ሰምቶ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ሰጥቶ መወሰን አለበት። ቅር የተሰኘ ሰው ውሳኔውን ፍርድ ቤት እንዲከልስለት መጠየቅ ይችላል።

ከዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት! አዋጁ የፌዴራል ነው። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የክልል አካል ስለሆነ፣ ‹‹በ1183 መሠረት›› ብሎ ማመልከቻ የሚጽፍ መምህር ከመነሻው ይሸነፋል። እርሱ መመልከት ያለበት የክልሉን የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው።

ማወቅ የሚገባን ሌላው የሕጎች ቅደም ተከተል ነው። ከሁሉ በላይ ሕገ መንግሥት። ከዚያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያወጣው አዋጅ። ከዚያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ። በክልልም በየራሱ አካል እንዲሁ ነው። ‹‹ከላይ የመጣ ነው›› የሚባለው ሕግ ግን በየትኛውም ደረጃ ላይ አልተገኘም፤ ብዙ ፈልገናል።

ከእኛ በፊት የተመረቀ አንድ መምህር የሆነውን እንንገራችሁ። በዓመቱ አጋማሽ ላይ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ወደ ሌላ ሩቅ ትምህርት ቤት እንዲዛወር የሚል ሁለት መስመር ደብዳቤ ደረሰው። ባለቤቱ እርጉዝ ናት። ጠየቀ፤ ‹‹ከላይ የመጣ ነው›› ተባለ። ወደ አንድ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ሄደ፤ የሕግ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ማዕከል ከፍተው ድሆችን ያለ ክፍያ ያማክራሉ። እዚያ ያገኘው ሌክቸረር ደብዳቤውን አነበበ፤ ገልብጦ ጀርባውን ተመለከተ። ‹‹ምን ትፈልጋለህ?›› ቢለው፣ ‹‹ምክንያቱ በጀርባው ተጽፎ እንደሆነ ብዬ ነው›› አለው። ከዚያ ሦስት ጥያቄ በወረቀት ላይ ጻፈለት። ይህን የፈረመው ሰው ሥልጣኑን ያገኘው ከየትኛው ሕግ ነው? ከመወሰኑ በፊት ሰምቶሃል ወይ? ምክንያቱስ ምንድን ነው? ‹‹ይህንኑ በትሕትና ጻፍና አስገባ፤ ቀሪው ላይ ቁጥርና ማኅተም አስደርግ›› አለው።

ጻፈ። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ፤ የተዛወረበት ትምህርት ቤት አንድም የሒሳብ መምህር እንዳልነበረው፣ እርሱ ደግሞ ካለበት ትምህርት ቤት ሦስተኛው የሒሳብ መምህር እንደነበረ የሚገልጽ ነው። ባለቤቱ እስክትወልድ ድረስም ጊዜ ተሰጠው። ዝውውሩ አልቀረም። ሄደ፤ አሁንም እዚያው ነው። ‹‹ታዲያ ሕጉ ምን ጠቀመህ?›› አልነው። ‹‹ሰው የጠላኝ መስሎኝ ነበር›› አለን።

እንግዲህ ለጊምቢቹው ልጅ ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገርነው። ደመወዙ ከሕዝብ ግምጃ ቤት እንደሚወጣ፣ መንግሥት ማለት አንድ ሰው እንዳልሆነ፣ መምህሩ ‹‹ተሳስተሃል›› የሚለው በራሱ ሐሳብ ሳይሆን አንቀጹን ከፍቶ እንደሆነ፣ አንዳንዴም ብሎ እንደሚጎዳ፣ አንዳንዴም ሳይል እንደሚቀር አልደበቅነውም። ሦስቱንም ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ጻፍንለት። ልጁ በደብተሩ ገለበጠና ትንሽ ቆየ። ከዚያ እጁን አወጣ።

‹‹ቲቸር፣ ባለፈው ሰኞ ሦስቱን ልጆች ስታስወጣቸው ጠይቀሃቸዋል?››

በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። ባልደረባችን ሦስቱንም አስነሥቶ በየተራ ጠየቃቸው። ሁለቱ ማውራታቸውን አመኑ። ሦስተኛዋ፣ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው፣ ያን ዕለት እርሳስ ወድቆባት ጎንበስ ብላ ስትፈልግ ነበር።